አንብቤ ተስማምቻለሁ

የአገራችን ሰው ለተናገረው ቃል የሚሰጠውን ክብደት ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ብዙ መጻሕፍት መመርመር አያስፈልገውም፤ «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት መስማት ይበቃዋል። ይህን ተረት በልጅነታችን ከሽማግሌዎች አፍ ስንሰማው በጣም ያስፈራን ነበር፤ ምክንያቱም «የወለዱት» የተባልነው እኛው ነበርን። ዕድሜያችን ከፍ ካለ በኋላ ግን ተረቱ የተነገረው ልጅን ለማቅለል ሳይሆን ቃልን ለማክበድ መሆኑ ገባን። ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን በሚዛኑ አንደኛ ወገን፣ የተናገራትን አንዲት ቃል ደግሞ በሁለተኛው ወገን ቢያስቀምጥ፣ የሚደፋው የቃል ወገን ነው ማለት ነው።

ይህ ተረት በሎንዶን ከተማ እንዳለ ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ነበር ብንል የሚያምነን ሰው አይበዛም። በ2014 ዓ.ም. (የውጭ አገር ነገር ስናነሣ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን) ኤፍ ሴኪዩር የሚባል በኮምፒውተር ጥበቃ ሥራ የታወቀ የፊንላንድ ኩባንያ በዚያች ከተማ ለአላፊ አግዳሚው ነጻ ዋይፋይ ዘረጋ። ተጠቃሚው ወደ ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት አንድ ውል ይቀርብለትና «ተስማምቻለሁ» ማለት ነበረበት። ከውሉም አንቀጾች አንዱ፣ ተጠቃሚው ስለ ተደረገለት አገልግሎት የበኩር ልጁን ለዘላለም ለኩባንያው ይሰጣል የሚል ነበር። ስድስት ሰዎች ተስማሙ። ኩባንያው ይህን የሄሮድስ አንቀጽ ብሎ ሰየመው፤ ሕዝቡ በአደባባይ ዋይፋይ ላይ ምን ያህል እንደማይጠነቀቅ ለማሳየት ያደረገው ሙከራ ነበርና ልጆቹን ሊረከብ አልመጣም።

አባቶቻችን ልጅን እስከ ማስያዝ የደረሱት የተናገሩት ቃል እንዳይፈርስ ነበር፤ እነዚህ ስድስት የሎንዶን ሰዎች ግን ልጃቸውን ያስያዙት ምን እንደ ተናገሩ ሳያውቁ ነው። ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ነገርም ከዚሁ ይነሣል። ሰው ያላነበበውን ነገር «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ቢል ቃል ሰጥቷል ይባላልን? ቃል አልሰጠም ከተባለስ የተናገረው ነገር ስሙ ምንድን ነው?

ነገሩ የስድስት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንበት ነበር። ጌምስቴሽን የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታዎች ይሸጥ የነበረ የእንግሊዝ ነጋዴ በ2010 ዓ.ም. ኤፕሪል 1 ቀን፣ ማለትም ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱ በሚውሉበት ዕለት፣ በሽያጭ ውሉ ውስጥ የገዢውን ነፍስ የሚረከብበት አንቀጽ አስገባ። 7,500 ያህል ደንበኞች ነፍሳቸውን አስረክበው የገዙትን ዕቃ ይዘው ሄዱ። አንቀጹን አይቶ «ነፍሴን አልሰጥም» የሚለውን ምልክት ላደረገ ሰው ግን የ5 ፓውንድ ቅናሽ ተዘጋጅቶለት ነበር። ነፍሱን የሰጠ ምንም አላገኘም፤ ነፍሱን ያስቀረ ተሸለመ። ማንበብ ለነፍስም ለኪስም እንዲህ በግልጽ የጠቀመበት ሌላ ዕለት ስለማናውቅ፣ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲነግሩልን አደራ እንላለን። ደግሞም በ2017 ዓ.ም. ፐርፕል የሚባል የማንቸስተር ኩባንያ በዋይፋዩ ውል ውስጥ ተጠቃሚው የ1,000 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎት ይሠራል የሚል አንቀጽ ጨመረ፤ ሥራውም ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾችና ድመቶች ማቀፍ፣ የቀንድ አውጣን ቅርፊት ቀለም መቀባት ይገኝበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ 22,000 ሰዎች ተስማሙ። አንቀጹን አይቶ ያስታወቀ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። ያንን ሰው ብናውቀው ኖሮ በመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ መርማሪ ሆኖ እንዲቀጠር እንለምነው ነበር።

አንባቢ ይህን ሰምቶ «ሰነፎች ናቸው» ብሎ እንዳይፈርድ እንለምናለን። በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ አንድ አሜሪካዊ በዓመት ውስጥ የሚጎበኛቸው ድረ ገጾች ስለ ግል ምሥጢር አጠባበቅ የሚያወጡትን መግለጫ ብቻ ቃል በቃል ላንብብ ቢል 244 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅበት ገምተዋል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ሸብቶ እስኪጦር ቢያገለግል የዓመት ፈቃዱ ከ30 የሥራ ቀን አያልፍም። ይህን ፈቃድ ሁሉ ዘመድ ሳይጠይቅ፣ ለቅሶ ሳይደርስ፣ በቀን ስምንት ስምንት ሰዓት እያነበበ ቢጨርሰው 240 ሰዓት ነው፤ አራት ሰዓት ይጎድለዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ እንኳ በ2010 ዓ.ም. ለተማሪዎች ሲናገሩ በኮምፒውተር ላይ የሚቀርበውን ደቃቅ ጽሑፍ እንደማያነቡ አልሸሸጉም። እኛም ባለፈው ክረምት ስልካችን አዲስ ውል ባቀረበልን ጊዜ ጨክነን ማንበብ ጀምረን ነበር። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ቡና ተፈላ ተብለን ተነሣን፤ ስንመለስ የነበርንበት ጠፋብን፤ ተስማማን። ከዘጠነኛው ገጽ በኋላ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አናውቅም።

አንዳንድ ሰዎች «ፊርማ ፊርማ ነው፤ ሳያነብ የፈረመ ራሱን ይውቀስ» ይላሉ። ይህ አስተያየት በዋዛ የሚጣል አይደለም፤ ውል በጎዳው ቁጥር «አላነበብሁትም» እያለ የሚያመልጥ ሰው ከበዛ ንግድ የሚባል ነገር አይኖርምና። በቺካጎ የተቀመጠው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. ፕሮሲዲ በሚባል ኩባንያ ጉዳይ ሲፈርድ፣ የሶፍትዌሩ ውል በታሸገው ሳጥን ውስጥ ቢሆንም ገዢው ከፍቶ ካየው በኋላ ዕቃውን መመለስ ይችል ነበርና ውሉ ያስገድደዋል አለ። በኒውዮርክ የተቀመጠው ሌላው የይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በኔትስኬፕ ኩባንያ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነገር ወሰነ፤ ውሉ ከሚነካው ምልክት በታች፣ ገጹን ወደ ታች ላልሳበ ሰው በማይታይበት ስፍራ ስለ ነበረ፣ ሶፍትዌሩን የወሰዱት ሰዎች አይገደዱም አለ። ፍርዶቹ አይጣሉም፤ ሁለቱም የጠየቁት ሰውየው አንብቧል ወይ ብለው ሳይሆን ለማንበብ ይችል ነበር ወይ ብለው ነው። ለዳኛ ይህ ይበቃው ይሆናል። ለሕሊና ይበቃል ለማለት ግን ያስቸግራል።

በ2024 ዓ.ም. የተሰማውን የፍሎሪዳ ጉዳይ እንመልከት። በዲዝኒ መናፈሻ አካባቢ ባለ አንድ ምግብ ቤት ከበላች በኋላ ሰውነቷ ምግቡን ባለመቀበሉ አንዲት ሴት ሞተች፤ ባሏም ከሰሰ። የዲዝኒ ኩባንያ ጠበቆች ከሰጡት መልስ አንዱ፣ ይህ ሰው በ2019 ዓ.ም. የኩባንያውን ፊልም በቤቱ ለማየት ለአንድ ወር በነጻ ተመዝግቦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተስማማበት ውል ከኩባንያው ጋር ያለው ክርክር ሁሉ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ያዛልና ፍርድ ቤት ሊያቆመን አይችልም የሚል ነበር። ፊልም ለማየት የተነካች ምልክት አምስት ዓመት ቆይታ ከሚስት ሞት ላይ ደረሰች። ነገሩ በዓለም ሲሰማ ብዙ ሰው ስለ ተቈጣ ኩባንያው በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ይህን መከራከሪያ ትቶ ጉዳዩ በፍርድ ቤት እንዲታይ ፈቀደ። እኛ ግን የምንጠይቀው፣ ማንም ባይቈጣ ኖሮስ ብለን ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በ1952 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ስልክ በከተማ በጥቂት ቤቶች ብቻ በነበረበት ዘመን ተጽፎ ሳለ፣ በቁጥር 1686 አንዱ ወገን ያሰናዳቸው ጠቅላላ የንግድ ደንቦች ሌላው ወገን ዐውቋቸው ካልተቀበላቸው፣ ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን ካልተወሰኑ ወይም ካልጸደቁ በቀር እንደማያስገድዱት ይናገራል። መጀመሪያ ማወቅ፣ ቀጥሎ መቀበል። ዝምታም እንደ መቀበል እንደማይቈጠር በቁጥር 1682 ተደንግጓል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ዓ.ም. ኩባንያው አስቀድሞ ምልክት ያደረገበት ሣጥን የሰውየው ፈቃድ ሊባል አይችልም ብሎ ሲፈርድ ብዙዎች እንደ አዲስ ነገር አደነቁት። እኛ ያነበብነው እንደ ቆየ ወዳጅ ደብዳቤ ነበር።

ይሁን እንጂ ሕግ ሰውየውን ነጻ ቢያወጣውም የተናገረው ነገር ይቀራል። «አንብቤ» ብሏል፤ አላነበበም። ሐሰት ነውን? ሐሰት የሚባለው ሌላውን ለማታለል የሚነገር ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን የሚታለል የለም። ተናጋሪው አለማንበቡን ያውቃል፤ ኩባንያውም ያውቃል፤ እንዲያውም አርባ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተነብቦ ማለቁን ከኮምፒውተሩ የበለጠ የሚመሰክር የለም። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ሐሰት መሆኑን እያወቁ፣ አንዱ እየተናገረ አንዱ እየተቀበለ የሚኖሩበት አዲስ ዓይነት ንግግር ተፈጥሯል። በኛ አስተያየት ይህ ከተራ ሐሰት ይልቅ ቃልን ይጎዳል። ሐሰተኛ ቢያንስ እውነትን ይፈራታል፤ ስለሚፈራትም ይደብቃታል። በዚህኛው ግን የሚፈራት የለም። «ተስማምቻለሁ» የሚለው ቃል እንደ በር እጀታ ሆኖ፣ ለመግባት ይነካል እንጂ ትርጉሙን የሚያስብ አይገኝም። በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ የሚል ሰው በማታው ስብሰባ ላይ «ተስማምተናል» ብሎ እጁን ሲያወጣ ምን እያለ እንደ ሆነ እሱም መጠራጠር ይገባዋል።

ጥፋቱ ከሁሉ አስቀድሞ የማን ነው ብንባል ግን የጸሐፊው ነው እንላለን። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ወርቁን በሰም ይሸፍነዋል፤ የሚሸፍነውም ሰሚው ደክሞ እንዲያገኘውና ባገኘው ጊዜ እንዲደሰት ነው። የነዚህ ውሎች ጸሐፊዎችም ወርቅ ይሸፍናሉ፤ የሚሸፍኑት ግን ማንም እንዳያገኘው ነው። ለተኛ ሰው በሹክሹክታ ተናግሮ፣ በነጋው «ነግሬህ አልነበረምን?» የሚል ጎረቤት ቢኖር በመንደሩ ምን ስም እንደሚወጣለት እናውቃለን።

እነዚህ ኩባንያዎች ማንበብ የማይወዱ መስሎ እንዳይታየን። ኦራክል የሚባለው ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. ጎግልን በከሰሰ ጊዜ ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ዘጠኝ መስመር የምትሆን አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ ነበረች። ዋናው ክርክር 11,500 ያህል የፕሮግራም መስመሮችን ይመለከት ነበር፤ እነሱም አንድ በአንድ ተቈጥረዋል። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲመላለስ 11 ዓመት ቆይቶ፣ በ2021 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለጎግል ፈረደ። ስለ ራሳቸው ዘጠኝ መስመር እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰዎች ስለኛ አርባ ገጽ «ይንኩና ይለፉ» ማለታቸው ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን ሣቁ አይጸናም።

ከዚህ በኋላ የተስማማንበት ነገር ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የተስማማነው እንድንታይ ነው። «የሚደበቅ ነገር ከሌለህ ምን ያስፈራሃል?» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እነዚህ ወዳጆች ቤታቸው መጋረጃ እንዳለው አይተናል። የፌስቡክ ባለቤት ማርክ ዘከርበርግ ራሱ በ2016 ዓ.ም. በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ከበስተጀርባው የነበረው ኮምፒውተር የካሜራው ዐይን በፕላስተር ተሸፍኖ ታይቷል። ኤኦኤል የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2006 ዓ.ም. የ650,000 ያህል ደንበኞቹን 20 ሚሊዮን የሚሆን የፍለጋ ጥያቄ፣ ስማቸውን በቁጥር ለውጦ፣ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ በአደባባይ አወጣው፤ ጋዜጠኞች ጥያቄዎቹን አንብበው ብቻ አንዲት አሮጊት ቤታቸው ድረስ ሄደው አገኟቸው። ሰው የሚጠይቀው ነገር ከስሙ ይልቅ ማንነቱን ይናገራል። ጎግልም ተጠቃሚው ዱካውን ሳይተው የሚሄድበት የሚመስለውን ስውር መስኮት አዘጋጅቶ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ሰዎች «በስውሩም መስኮት እየተከተለን ነበር» ብለው ከሰሱት። በ2024 ዓ.ም. በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው በቢሊዮን የሚቈጠሩ መዝገቦችን ሊደመስስ ተስማማ። እሱ ሲስማማ አንብቦ እንደ ነበረ አንጠራጠርም።

በኛ አገር ጎረቤት የጎረቤቱን ጉዳይ ከቡና ስኒ ጋር የሚያገኘው ስለ ሆነ፣ ስለ ግል ምሥጢር መናገር ለኛ አይገባንም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የቡና ጎረቤታችን ጉዳያችንን ብታውቅ እኛም የሷን እናውቃለን፤ ማወቋንም እናውቃለን፤ ብታወራብን ደግሞ ሽማግሌ እንልክባታለን። ስልካችን ላይ ማን ሽማግሌ ይላካል? ከዚህም ሌላ ሳናስተውለው የምናልፈው ነገር አለ። አንዱ መተግበሪያ «የስልክ መዝገብህን ልይ?» ሲለን «ፈቅጃለሁ» ስንል የምንሰጠው የራሳችንን ብቻ አይደለም፤ የእናታችንን፣ የነፍስ አባታችንን፣ የሐኪማችንን፣ ብድር የጠየቅነውን ሰው ቁጥር ሁሉ ነው። ከነሱ አንዳቸውም አልተጠየቁም። የሎንዶን በኩር ልጆችም አልተጠየቁም ነበር።

እስከዚህ ድረስ በሩቅ ባሉ ሰዎች ላይ ስንፈርድ በጣም ጣፍጦን ነበር፤ አሁን ግን ወደ ገዛ ጠረጴዛችን እንመለሳለን። በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ሁሉ የሚሞላው አንድ ቅጽ አለ፤ ከግርጌው «ከዚህ በላይ የተጻፈውን አንብቤና ተረድቼ በፈቃዴ ፈርሜአለሁ» ይላል። እኛም ስድስት ዓመት ሙሉ ጣታችንን ከፊርማው ስፍራ ላይ አድርገን «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ስንል ኖረናል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ደርሰው ቅጹን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን ረስተው ስለ ነበረ ወረቀቱን አቅርበውም አርቀውም አዩትና፣

«ልጄ፣ ምን ይላል?» አሉን።

«የተለመደ ነው አባቴ፤ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አልናቸው።

«አንብቤአለሁ ይላል አልከኝ እኮ፤ እኔ መች አነበብሁት?»

አንብቤአለሁ ይላል ብለን አልነገርናቸውም ነበር፤ ከፊታቸው የነበረው ባለጉዳይ ሲፈርም ሰምተው ኖሯል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ሲያጕረመርም እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብላቸው ጀመር። ቅጹ አሥራ አንድ ቁጥር አለው። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ «የሰጠሁትን መረጃ መሥሪያ ቤቱ ለማናቸውም ጉዳይ ሊያውለው ፈቅጃለሁ» የሚል አገኘን። አገኘን የምንለው በእውነት ያን ዕለት ማግኘታችን ስለ ሆነ ነው።

«ማናቸውም ማለት ምንና ምን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

መልስ አልነበረንም። የክፍሉን ኃላፊ ብንጠይቃቸው ቅጹ ከቀድሞው ቅጽ የተገለበጠ መሆኑን ነገሩን፤ የቀድሞውም ከሌላ ክፍል የመጣ መሆኑን መዝገብ ቤት ነገረን፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የጻፈው ሰው አይታወቅም፤ ያሳተመው አላነበበውም፤ የምንሰጠው አላነበብነውም፤ የሚፈርመው አያነበውም። ኩባንያዎቹ እንኳ የሚሸፍኑትን ያውቁ ነበር፤ እኛ ሳናውቅ ሸፍነን ተገኘን።

ሽማግሌው «እንግዲያውስ ጠይቀህ ቆየኝ፤ ሐሙስ እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ። ሐሙስ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን ሳንደብቅ ነገርናቸው። ጥቂት ሣቁ። ከዚያ ቅጹን እንደገና ከላይ ጀምረው ራሳቸው አነበቡት፤ ከሰባተኛው ቁጥር አጠገብ ባለው ባዶ ስፍራ በሚያምር የቁም ጽሕፈት «በዚህ አልተስማማሁም» ብለው ጻፉና፣ ከታች ስማቸውን እስከ አያታቸው ድረስ አድርገው ፈረሙ። እኛም እንዳለ ተቀበልናቸው።

ቅጹ ከኛ ወደ ክፍሉ ኃላፊ፣ ከኃላፊው ወደ መርማሪው፣ ከመርማሪው ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። አራት ፊርማና አንድ ማኅተም ተደርጎበት ጉዳያቸው በሳምንቱ ተፈጸመላቸው። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስለ ሰባተኛው ቁጥር እስካሁን ያነሣብን ሰው የለም።